መንጠቆው ሲላቀቅ፦ ከቀዶ ሕክምና በፊት በትንሽ የሳንባ ኖድዩል ላይ ምልክት የተደረገላቸው እናት ጉዳይ

ታካሚዋ 63 ዓመታቸው ነው፤ ሲጋራ አጭሰው አያውቁም። አሜሪካ ልጃቸው ጋር ከመምጣታቸው በፊት ግን ዕድሜያቸውን ያሳለፉት መስኮት በሌለው ማዕድ ቤት እንጨትና ኩበት እያነደዱ ነው። በወጣትነታቸው የሳንባ ነቀርሳ ይዟቸው መድኃኒቱን ጨርሰው ድነዋል። አሁን ሐኪም ቤት የወሰዳቸው ሳንባቸው አይደለም። የኩላሊት ጠጠር ጎናቸውን ወግቷቸው ድንገተኛ ክፍል ገቡና የሆድ ሲቲ ስካን ተነሡ። የሆድ ሲቲ የሳንባን ግርጌ ጨምሮ ያነሣልና ጠጠር ሲፈልግ የነበረው ራዲዮሎጂስት ቀኝ ሳንባቸው ሥር 7 ሚሊ ሜትር የምትሆን ጭጋጋማ ነጥብ አየ። ጠጠሩ በራሱ ጊዜ ወረደ፤ የነጥቧ ጉዳይ ግን ቀጠለ።

እኔ የምሠራው በሲቲ እየታየ መርፌ በሚገባበት ክፍል፣ በነርስነት ነው። ታካሚዋም ልጃቸውም ጉዳዩ እንዲጻፍ ፈቅደዋል። ማንነታቸውን የሚጠቁመውን ሁሉ አውጥቼዋለሁ፤ ሆስፒታሉንም አልጠቅስም።

እንዲህ ያለችውን ነጥብ ሐኪሞች ኖድዩል ይሏታል፤ ከ30 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፣ በሳንባ ተከቦ የሚታይ ነገር ማለት ነው። አብዛኞቹ ካንሰር አይደሉም። የደረት ራዲዮሎጂ ሐኪሞች ማኅበር የሆነው የፍላይሽነር ማኅበር በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት 6 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነች ንጹሕ ጭጋጋማ (ጠጣር ክፍል የሌላት) ኖድዩል ከ6 እስከ 12 ወር ውስጥ ተደግማ ትታያለች፤ ካልጠፋች እስከ 5 ዓመት ድረስ በየ2 ዓመቱ ክትትል ይደረግባታል። በእሳቸውም ላይ የተደረገው ይኸው ነው። በመጀመሪያው ክትትል እንዳለች ነበረች። ከ2 ዓመት በኋላ በተነሣው ግን 9 ሚሊ ሜትር ሆናለች፤ መሀሏ ላይም 3 ሚሊ ሜትር የሚሆን ጠጣር ነገር ብቅ ብሏል። ሐኪም የሚያስጨንቀው ከስፋቷ ይልቅ ይህ የመሀሉ ጠጣር ነው።

ቤተሰቡ «የድሮው የቲቢ ጠባሳ ነው» ብሎ ያምን ነበር። ግምቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ ቲቢ ያለፈበት ሳንባ ላይ ጠባሳ መገኘቱ የተለመደ ነው፣ የእሳቸውም ሳንባ ላይኛ ክፍል ላይ ሁለት ኖራ የያዙ አሮጌ ነጥቦች አሉ። ነገር ግን ኖራ ይዞ የደረቀ ጠባሳ እያደገ አይሄድም፣ መሀሉም አይጠጥርም። አክታቸው ተመርምሮ ቲቢ የለበትም ተባለ። ካንሰርን በስኳር አጠቃቀሙ የሚለየው ምርመራ፣ ፔት ስካኑም ምንም አላሳየም። ይህን ሲሰሙ ልጃቸው እፎይ አሉ፤ ሰርጅኑ ግን አልተረጋጋም፤ ፔት ስካን ትንንሽና ጭጋጋማ ኖድዩሎችን ብዙ ጊዜ ስለሚያልፋቸው።

«ለምን መጀመሪያ በመርፌ ናሙና አይወሰድም?» የሚለው የልጃቸው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። መልሱ ይህ ነው፦ 9 ሚሊ ሜትር ከሆነች ለስላሳ ጭጋግ የሚወጣው ናሙና ትንሽ ነው፤ «ካንሰር አልተገኘም» ቢባል እንኳ የለም ማለት አይደለም። አደጋው ግን ያው ሳንባን በመርፌ የመውጋት አደጋ ነው። ስለዚህ ኖድዩሏን ከነዙሪያዋ በካሜራ ቀዶ ሕክምና ቆርጦ አውጥቶ በዚያው መመርመርም ማከምም ተመረጠ።

እዚህ ላይ ነው ችግሩ የሚመጣው። በካሜራ የሚደረግ የደረት ቀዶ ሕክምና ላይ የሚሠራበት ሳንባ አየሩ ወጥቶ ይጨማተራል፤ ሰርጅኑ የሚያየው ላዩን ብቻ ነው። የእሳቸው ኖድዩል ከሳንባው ገጽ 17 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ነበረች። ጠጣር ዕጢ ቢሆን በጣት ተዳስሶ ይገኝ ይሆናል፤ ጭጋጋማ ከሆነ ግን ፍለጋው በሊጥ ውስጥ ሌላ ሊጥ እንደ መፈለግ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣ የጃፓን ጥናት እንዳሳየው መጠኑ ከ10 ሚሊ ሜትር የማይበልጥና ከገጹ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ የራቀ ኖድዩል ያለ ምልክት ሲፈለግ ሳይገኝ የመቅረት ዕድሉ 63 በመቶ ነው። ሳይገኝ ከቀረ ደረት ይከፈታል፣ ወይም ከሚያስፈልገው በላይ ሳንባ ተቆርጦ ይወጣል። ስለዚህ ሰርጅኑ ከመግባቱ በፊት ኖድዩሏ ላይ ምልክት መደረግ ነበረበት።

የተመረጠው ምልክት መንጠቆ ያለው ሽቦ ነው። መጀመሪያ ለጡት ዕጢ የተሠራ መሣሪያ ነው፤ በቀጭን መርፌ ውስጥ ይገባል፣ መርፌው ሲወጣ ጫፉ ተከፍቶ ሥጋውን ይይዛል፣ ጭራው ከቆዳ ውጭ ይቀራል። ርካሽ ነው፤ ቀዶ ክፍሉ ውስጥም ልዩ መሣሪያ አይጠይቅም። ጡት ግን እንደ ሳንባ አይነፋም፣ አይጨማተርም።

በዕለቱ ማለዳ በሆዳቸው ተኝተው ሲቲ ላይ ወጡ። የሳንባ ግርጌ ደረትንና ሆድን በሚለየው ጡንቻ፣ በዲያፍራም ላይ የተቀመጠ ስለሆነ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል፤ እዚያ ያለች ኖድዩልም አብራው ትሄዳለች። መርፌ የሚያስገባው ሐኪም ታካሚው በእያንዳንዱ ጊዜ እኩል ተንፍሶ እንዲይዝ ይፈልጋል። ማሽኑ ላይ ከተቀዱት የትንፋሽ ትእዛዞች ውስጥ አማርኛ የለም። የስልክ አስተርጓሚው ለስምምነት ፎርሙ ጥሩ ነበር፤ መርፌ ደረት ውስጥ እያለ ግን ስልክ አይሆንም። ስለዚህ ትእዛዙን በማይክራፎን የምሰጠው እኔ ሆንኩ። አንድ ነገር በፊት ከሌሎች የአገር ሰዎች ዘንድ አይቼ አውቃለሁ፤ «ትንፋሽዎን ይያዙ» ሲባሉ ደረታቸውን እስኪሞላ ስበው ነው የሚይዙት። ከመጀመራችን በፊት አለማመድኳቸው።

«እማማ፣ ብዙ አይሳቡ። እንደ ወትሮዎ ይተንፍሱ፣ ያውጡ፣ እዚያው ላይ ያቁሙት።»

«እሺ ልጄ፣ እንዳልክ።»

ልምምዱ ላይ ጎበዝ ነበሩ። ማደንዘዣው ቆዳውን አልፎ የሳንባውን ሽፋን ሲነካ ግን ደነገጡና ሳቡ። ሐኪሙ መርፌውን የሚያሳልፈው በጎን አጥንቱ የላይኛው ጠርዝ በኩል ነው፤ ደም ሥሩና ነርቩ በታችኛው ጠርዝ ሥር ስለሚሄዱ። የመጀመሪያው መርፌ ኖድዩሏን በ1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሳታት። ወጥቶ ሁለተኛ ገባ። መርፌ የሳንባን ሽፋን ደግሞ በቀደደ ቁጥር አየር የሚያመልጥበት ቀዳዳ ይጨምራል። በሁለተኛው ሽቦው ተለቀቀ፣ መንጠቆው ከኖድዩሏ ትንሽ አለፍ ብሎ ተተከለ።

የማረጋገጫው ሲቲ ሁለት ነገር አሳየ። በሳንባውና በደረቱ ግድግዳ መካከል ቀጭን የአየር ጠርዝ አለ፤ ኒሞቶራክስ የሚባለው ነው። ኖድዩሏን ደግሞ ትንሽ ደም ከቧታል። አንዴ ሳሉና መሀረባቸው ላይ ደም የነካው አክታ ታየ። ሁለቱም የሚጠበቁ ናቸው። በ2017 እ.ኤ.አ. ቼስት በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ፣ 46 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና እንደሚለው መንጠቆ ሽቦ ከተደረገላቸው 35 በመቶ ያህሉ ኒሞቶራክስ፣ 16 በመቶ ያህሉ የሳንባ መድማት ይታይባቸዋል። የሚበዙት ምንም ሳይደረግላቸው ያልፋሉ። የእሳቸውም ያልፍ ይሆናል ተብሎ ጭራው በፋሻ ተሸፈነ፣ ኦክስጅን ተደረገላቸው፣ ወደ ቀዶ ክፍል መጠበቂያ ሄዱ።

እስከዚህ ድረስ የተደረገው ሁሉ እንደ ደንቡ ነበር። ነገሩን ያበላሸው ጥበቃው ነው ብዬ አምናለሁ። ቀዶው ከሲቲው በኋላ ወዲያው እንዲጀመር ነበር የታሰበው። ግን ሌላ ድንገተኛ ታካሚ ገባ፣ ክፍሉ ተያዘ፣ ጥበቃው ከሦስት ሰዓት አለፈ። ሽቦው እንደገባ ለቀዶ ክፍሉ የተነገረ ቢሆንም ወረፋውን የሚያወጣው ሰው ዘንድ ግን አልደረሰም። በእሱ ሰሌዳ ላይ እሳቸው «የተዘጋጁ» ታካሚ ናቸው፤ የተዘጋጀ ታካሚ ደግሞ ሊጠብቅ ይችላል።

በዚህ መሀል አልጋቸው ቀና ተደረገ፣ መጸዳጃ ቤት ሄዱ፣ ልጃቸው ትራስ አስተካከሉላቸው። ቀኝ ትከሻቸውን ማመም ጀመረ። የመጠበቂያው ነርስ በልጃቸው በኩል ሕመም እንዳለ ብትጠይቅም መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ነበር። የእኛን አረጋውያን የሚያውቅ ሰው ይህ መልስ ሰላምታ እንጂ የሕመም መለኪያ እንዳልሆነ ይገባዋል። ከአንድ እስከ አሥር ቁጥር እንዲሰጡ ቢጠየቁ «ሁለት» ይላሉ፤ ሰው ላለማስቸገር። «ትንፋሽ ሲስቡ ይወጋዎታል? እስከ ትከሻ ይሄዳል?» ተብለው ቢጠየቁ ግን አዎ ባሉ ነበር። ችግሩን ያወጣው ማሽኑ ነው፤ የኦክስጅን መጠናቸው ከ98 ወደ 91 ወረደ።

ራጁ ሲነሣ ቀጭን የነበረው የአየር ጠርዝ ሰፍቶ የሳንባውን ሲሶ ያህል አጨማትሮታል። ማደንዘዣ ሐኪሟ የወሰደችው ውሳኔ በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከታዩት ሁሉ ትልቁ ይመስለኛል። ቀዶ ክፍሉ አሁን ተለቋል፣ ሰርጅኑም ተዘጋጅቷል፣ «እዚያው ገብተን አየሩን የሚያስወጣውን ቱቦ እናስገባለን» የሚል ሐሳብ ነበር። እሷ እምቢ አለች። ታካሚው ራሱ ሲተነፍስ አየር ወደ ሳንባ የሚገባው ተስቦ ነው፤ በማደንዘዣ ማሽን ሲሆን ግን ተገፍቶ ነው። ቀዳዳ ባለው ሳንባ ውስጥ አየር ከተገፋ በቀዳዳው ወጥቶ ደረት ውስጥ ይታፈናል፣ ልብንና ትልልቅ ደም ሥሮችን ይጫናል፣ በደቂቃዎች ውስጥ የደም ግፊት ሊጥል ይችላል። ስለዚህ ከማስተኛቷ በፊት ቀጭን የደረት ቱቦ በአካባቢ ማደንዘዣ ገባ። አየሩ ወጣ፣ ኦክስጅኑም ወደ 96 ተመለሰ።

ካሜራው ሲገባ ሽቦው ቦታው ላይ አልነበረም። መንጠቆው ከሳንባው ተላቆ በባዶው የደረት ክፍተት ውስጥ ተንጠልጥሏል። እንዴት እንደሆነ ግልጽ ነው፤ የሽቦው ጭራ ከቆዳና ከደረት ጡንቻ ጋር ተይዟል፣ ሳንባው ደግሞ በዙሪያው ያለው አየር እየሰፋ ሲሄድ ከግድግዳው ራቀ። አንዱ ሲቀር ሌላው ሲሄድ መንጠቆው ተነቀለ። በቲቢ ምክንያት ሳንባቸው ከደረት ግድግዳ ጋር የተጣበቀ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልራቀ ነበር፤ በእሳቸው ግን ሕመሙ ያለፈው ላይኛው ክፍል ነው፣ ግርጌው ነጻ ነበር።

ለሰርጅኑ የተረፈው ምልክት መርፌው የገባበት ቀዳዳና በዙሪያው ያለው ጥቁር ሐምራዊ ደም ነው። የሲቲውን ምስል ስክሪን ላይ አስከፍቶ የመርፌውን አቅጣጫና ጥልቀት እያየ፣ በመለስተኛ ቀዳዳ ጣቱን አስገብቶ ዳሰሰ። የሚዳሰሰው የረጋ ደም ብቻ ነበር። ደሙን መሀል አድርጎ በስቴፕለር ቆረጠና ለፓቶሎጂ (ለሥጋ ናሙና ምርመራ) ላከ። መጀመሪያ የመጣው ስልክ «ደም እንጂ ሌላ አላየንም» የሚል ነበር። ቀዶ ክፍሉ ዝም አለ። ፓቶሎጂስቷ እያሳሳች ደጋግማ ስትቆርጠው ኖድዩሏ ተገኘች፤ ግን ከስቴፕለሩ መስመር 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ርቃ። ይህ ርቀት ስለማይበቃ ከዚያው ጠርዝ ተጨማሪ ሳንባ ተቆረጠ። መንጠቆው ቢይዝ ኖሮ አንድ ቁራጭ ይበቃ ነበር።

የመጨረሻው ውጤት በጥቂቱ ብቻ የወረረ አዴኖካርሲኖማ (አንድ የሳንባ ካንሰር ዓይነት) ነው፤ ወራሪው ክፍል ከ5 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ዓይነት። እንዲህ ያለው ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ ሰው ከበሽታው ነጻ ሆኖ የመኖር ዕድሉ ወደ መቶ በመቶ የተጠጋ ነው። ኬሞም ጨረርም አላስፈለጋቸውም። ሆስፒታል ግን ከታሰበው በላይ ቆዩ፤ ከሳንባው አየር መፍሰሱ ቶሎ ስላልቆመ ቱቦው ሊወጣ አልቻለም።

ከዚህ በኋላ በክፍላችን የተደረገው ውይይት ያተኮረው ሌላ ዘዴ ይሻል ነበር ወይ በሚለው ላይ ነው። ያው የ2017ቱ ትንተና ጥቃቅን የብረት ጥቅል ሲደረግ ኒሞቶራክስ ወደ 16 በመቶ፣ መድማት ወደ 6 በመቶ እንደሚወርድ ያሳያል። ጥቅሉ ከሳንባው ጋር ይሄዳል እንጂ ከቆዳ ጋር አይያዝም፤ የእኛን ዓይነት መነቀል የሚያስቀረውም ይህ ነው። ለማግኘት ግን ቀዶ ክፍሉ ውስጥ የራጅ ማሽን ያስፈልጋል። ሊፒዮዶል የሚባለው ዘይታማ ቀለምም እንዲሁ በራጅ ይታያል፤ የኒሞቶራክስ መጠኑ ግን ከመንጠቆው ብዙም አያንስም፣ 31 በመቶ ነው።

ሰማያዊ ቀለም መርጨት ቀላልና ርካሽ ነው፤ አንድ ወጣት ሐኪምም ይህንን አንሥቶ ነበር። ሰርጅኑ ለመልሱ ከካሜራው የተቀዳውን ቪዲዮ አሳየው። የሳንባቸው ገጽ በጥላሸት ተዥጎርጉሯል። ሲጋራ ያላጨሰች ሴት ሳንባ ይህን ያህል መጥቆሩ ለእሱ አዲስ ነበር፤ ለእኔ ግን የጭስ ቤት ታሪክ ነው። በእንዲህ ያለ ሳንባ ላይ ሰማያዊ ቀለም በደንብ አይለይም፣ ሰዓት ባለፈ ቁጥርም ይሰራጫል። ከአገራችን ገጠር የመጡ እናቶችን የሚያክም ሰው ይህን አስቀድሞ ሊያስበው ይገባል። በልዩ ካሜራ የሚያበራው አረንጓዴ ቀለም፣ ኢንዶሳያኒን፣ ጥላሸቱ ላይ የተሻለ ይታያል፤ ግን ኖድዩሏ ጥልቅ ስትሆን ብርሃኑ ይደክማል።

አንድ ሌላ አደጋ አለ፤ በእሳቸው ላይ አልደረሰም፣ ግን ትንፋሹን ያን ያህል ያጠበቅነው በሱ ምክንያት ነው። መርፌው ወደ ልብ ከሚመለሱት የሳንባ ደም ሥሮች አንዱ ውስጥ ቢገባና ታካሚው ያን ጊዜ በኃይል ቢስብ ወይም ቢስል፣ አየር ወደ ግራ ልብ፣ ከዚያም ወደ አንጎል ወይም ወደ ልብ ደም ሥር ሊሄድ ይችላል። በድንገት መንተባተብ፣ ግማሽ አካል መዛል፣ መንቀጥቀጥ ወይም የልብ መቆም ሊያመጣ ይችላል። በጃፓን 9,783 የሳንባ መርፌ ናሙናዎችን የቃኘ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት 0.061 በመቶ ላይ እንደታየ ይናገራል። በጣም ጥቂት ነው፤ ሲመጣ ግን ሰው ይገድላል። ያን ጊዜ ታካሚውን ቀና ማድረግ የለብንም፤ ጠፍጣፋ እንደተኛ መቶ በመቶ ኦክስጅን ይሰጠዋል፣ ከተቻለ ኦክስጅን በግፊት ወደሚሰጥበት ክፍል ይወሰዳል። መርፌው ውስጥ ያለው ዘንግ ሲወጣ ቀዳዳውን በጣት የምንዘጋውም ለዚሁ ነው።

ማሳአኪ ሳቶ የተባሉት ጃፓናዊ ሰርጅን ደረትን ከውጭ ሳይወጉ፣ በብሮንኮስኮፕ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) በአየር ቧንቧው ገብተው የሳንባውን ገጽ በቀለም ነጥቦች የሚያመለክቱበትን ዘዴ ያዳበሩትም ይህንኑ ፍርሃት ይዘው ነው። አሁን በአሜሪካ በሮቦት የሚመራ ብሮንኮስኮፕም አለ። ኒሞቶራክሱ በዚህ መንገድ በጣም ያንሳል፤ ግን ታካሚው አስቀድሞ መተኛት አለበት፣ መሣሪያውም ውድ ነው።

የእኔ አስተያየት መንጠቆው መጥፎ መሣሪያ ነው የሚል አይደለም። ከገባ በኋላ ሰዓት የሚቆጥር ሰው ከሌለ ግን መግባት የለበትም። አሁን በክፍላችን ሐኪሙ መርፌውን ከማንሣቱ በፊት ቀዶ ክፍሉ ራሱ ይደወልለታል፤ «ክፍሉ ባዶ ነው፣ ሰርጅኑ ሕንፃው ውስጥ ነው» ካልተባለ አይጀመርም። ሽቦ የገባለት ታካሚ በመጠበቂያው ውስጥ ብቻውን አይቀመጥም፣ ከአልጋም አይወርድም። የስምምነት ንግግሩም ተለውጧል። «ሳንባ ሊቀደድ፣ ሊደማ ይችላል» ከሚለው ቀጥሎ ሽቦው ሊላቀቅ እንደሚችል፣ ከተላቀቀ ደግሞ የቀዶው ቀዳዳ ሊሰፋ ወይም ተጨማሪ ሳንባ ሊቆረጥ እንደሚችል ይነገራል። ልጃቸው በኋላ የተቆጡት በዚህ ነበር፦ «ሊደማ ይችላል ተብለናል። ሊጠፋ ይችላል ያለን ግን የለም።»

እሳቸው አሁን ደኅና ናቸው፤ ደረጃ ሲወጡ ትንሽ ይደክማሉ፣ ጎናቸውም ብርድ ሲሆን ይወጋቸዋል። ግራ ሳንባቸው ላይ 5 ሚሊ ሜትር የሆነች ሌላ ጭጋጋማ ነጥብ አለች፤ ጭጋጋማ ኖድዩል ያለበት ሰው ሌላ መያዙ እንግዳ አይደለም። ለጊዜው በክትትል ላይ ናት። ካደገች በብሮንኮስኮፕ በኩል እንዲሆን ሰርጅኑ ከአሁኑ መዝገባቸው ላይ ጽፎታል።